እንጨት ሻጮቹን የዘነጋሁበት ፕላን

የከተማ ፕላን ተምሬ ወደ ቦንጋ ስመለስ እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት የምታስረዳው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ናት» ትላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ሰዎች መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ደጃቸው ላይ ስለሚተኛው ጭቃና ስለተደፈነው ቦይ ያወሩኛል። እኔም ምንም የመወሰን ሥልጣን እንደሌለኝ እያወቅሁ፣ ክብሩ ስለጣመኝ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጣቸው ነበር።

ቢሮዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ባጃጆቹ መቆሚያ የሚያይ ክፍል ነው። ጠረጴዛውን የምጋራው ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ከቀራቸው ቀያሽ ጋር ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። መኪና በማይገባበት ዘመን መሣሪያቸውን በበቅሎ አስጭነው እስከ ሩቁ ደካ ድረስ የለኩ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው። እኔ ላፕቶፔ ላይ መስመር ሳሰምር ከጀርባዬ ቆመው ያዩና «ጥሩ ነው። ቦታው ላይ ደርሰሻል?» ይሉኛል። ካልደረስኩ ሌላ አስተያየት አይሰጡም።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለብቻዬ የምመራው ሥራ ተሰጠኝ። ከቦንጋ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምታስኬድ ትንሽ ከተማ ገበያዋን ልታዛውር ነው። የከተማዋን ስም መጥራት አልፈልግም፤ የምናገረው ጥፋት የእኔ እንጂ የእሷ አይደለምና። አሮጌው ገበያ ተዳፋት ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ጠርዝ የተቀመጠ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ከነሙዙ ከነቆጮው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። የጭነት መኪና ሲመጣ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን አቅፈው ይነሳሉ፤ ሲያልፍ ደግሞ ይቀመጣሉ። አዲሱ ቦታ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ያለ ሜዳ ነው። የእኔ ድርሻ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ መተላለፊያው፣ በሩ፣ ቦኖ ውሃውና መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሚሆን መሣል ነበር።

ሥራውን በጥንቃቄ ሠርቼዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ሦስት ቅዳሜ እየሄድኩ ሻጮቹን አንድ በአንድ መዘገብኩ። ከቦንጋ በጠዋቱ ሚኒባስ ተነስቼ ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፤ ጫማዬ በጭቃ እስኪከብድ ድረስ እዞራለሁ። ቅቤና ማር፣ እህል፣ ቆጮ፣ ሙዝ፣ ኮረሪማ፣ ሸክላ፣ ልባሽ ጨርቅ ብዬ በየዓይነቱ ጻፍኩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጣሪያ ያለው መደብ ሣልኩለት። ሕፃን ለያዙ እናቶች ጥላ ያለው ጥግ ሳይቀር አስቤ ነበር። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ምሳ ሳልበላ ሳየው ዋልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱት። «ያማረ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምትደርሺው አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው ተቀመጡ። እኔም ጥያቄው ከምን እንደመጣ አልጠየቅኋቸውም።

ለሕዝብ ውይይት ቀን ተቆረጠና የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ፕላኑን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ በዘንግ እያሳየሁ አስረዳሁ። የነጋዴዎቹን ኮሚቴ የሚመሩት ቅቤ ነጋዴ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ነጭ ነጠላቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ተነስተው አመሰገኑኝ፤ ቤቱም አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው ሊዘጋ ሲል አብረውኝ የመጡት ጋሼ ክንዴን ነካ አድርገው ወደ በሩ አመለከቱኝ። «ከውጭ የቆመችው ሴት እጇን ካወጣች ቆይታለች።»

ከደጃፉ ወዲያ፣ ካፊያው ውስጥ፣ ሸክም የሚታሰርበትን ገመድ እጇ ላይ የጠቀለለች ሴት ቆማለች። «ግቢና ተናገሪ» አልኳት። አልገባችም። ካለችበት ሆና በተሰባበረ አማርኛ፣ ግን ጮክ ብላ «እኛስ የት ነን?» አለች።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» አልኳት።

አዳራሹ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ከፊት የተቀመጠ ሰው ዞር ሳይል «እንጨት ሻጮቹ ናቸው» አለኝ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንጆ ናት» አለ። በእኛ አገር ማንጆ የሚባሉት ሌላው ሰው አብሯቸው የማይበላ፣ ከቤቱም የማያስገባቸው ወገኖች ናቸው።

ፕላኑን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የእንጨትና የከሰል ቦታ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ እነሱ ሸጠው ሄደዋል። የቀሩትን አንድ ሁለት ሴቶች መንገድ ዳር አይቻቸዋለሁ፤ ማስታወሻዬ ላይ «ተንቀሳቃሽ» ብዬ ጽፌ አልፌአቸዋለሁ። አሁን ሁሉም ሰው መልሴን ይጠብቃል። እኔም በቢሮ የለመድኩትን ቃል አወጣሁ። «በሚቀጥለው ምዕራፍ የሚታይ ይሆናል» አልኩ።

ሴትየዋ ትንሽ ጠበቀች፤ የሚከተል ነገር አለ ብላ ይመስለኛል። ምንም አለመኖሩን ስታውቅ ገመዷን ይዛ ሄደች። ወደ ቦንጋ ስንመለስ ጋሼ አልወቀሱኝም። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም የማታንስ ሴትን አንቺ ማለቴ፣ እዚያ የነበሩትን ሌሎች ሴቶች ሁሉ ደግሞ እርስዎ ማለቴ ይከነክነኝ ነበር። አስቤ አልነበረም። አፌ ራሱ ነው የለየው።

የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት ሄጄ እዚያው ከተማ አደርኩ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከከተማው ወጥቶ ወደ ጫካው በሚወስደው መንገድ ወረድኩ። ጉሙ ገና ከዛፎቹ አልተላቀቀም። ብዙ ሳልሄድ ከሸክማቸው ብዛት ፊታቸው የማይታይ ሴቶች በረድፍ ሲመጡ አየሁ። ከመሃላቸው አንደኛዋ በገመዷ አያያዝ ይሁን በአረማመዷ ያቺ ሴት መሆኗን ለየኋት።

«እንደምን አደሩ» አልኩ በካፊኖኖ። ቋንቋውን ከእናቴ ነው የወሰድኩት፤ የገበያና የሰላምታውን ያህል ይሳካልኛል። እኚያ እናት ቀና ብለው አዩኝ። እርስዎ ሲባሉ የሚያላግጥባቸው ሰው የመጣ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ነው የነገሩኝ።

አብሬአቸው ወደ ከተማ ተመለስኩ። ሸክሙን ላግዝዎ ብላቸው ሳቁ። «ይጥልሻል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከቤታቸው ሁለት ሰዓት ተጉዘዋል። በጠዋት የሚደርሱት ሻይ ቤቶቹና ዳቦ ቤቱ እሳት ከማንደዳቸው በፊት ለመሸጥ ነው። ከረፈደ ገዢ የለም፤ እንጨቱን ደግሞ ይዘው አይመለሱም። ዝናብ ካገኘው ጨርሶ አይሸጥም። ገበያው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሲሄድ እነሱ በአሮጌው ቦታ ብቻቸውን መቅረታቸው ነው፤ የሚያልፍ ሰው አይኖርም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ያለ ምንም ምሬት፣ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነው።

«ቦታው ቢሰጥዎ የት እንዲሆን ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

ቆም አሉ፤ ሸክማቸውን ከግንድ ላይ አሳረፉ። «ከበሩ አጠገብ» አሉ። «ጣሪያ ይኑረው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ውሃ ሲጠማን ደግሞ እንደ ሰው ከቦኖው እንድንጠጣ።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ጓሮ ጎመን እየቀጠፈች ነበር። የእኛ አጥር ላይ ልጅ እያለሁ ጀምሮ የተንጠለጠለ አንድ ጣሳ ነበር። እንጨት የምታመጣልን ሴት ውሃ ስትጠይቅ እናቴ በዚያ ጣሳ ትሰጣታለች፤ ጠጥታ መልሳ ትሰቅለዋለች። ወደ ግቢ ገብታ አታውቅም። እኔ ጣሳው ለምን እዚያ እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። የተማርኩበት ቦታ ስለ ፍትሐዊ ከተማ ስንት ወረቀት ጽፌአለሁ፤ የጣሳው ነገር አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

«እማዬ፣ ያቺ እንጨት የምታመጣልን ሴት ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።

እጇን ከጎመኑ ላይ አነሳች። «አላውቀውም» አለች። ቆይታ ደግሞ «ደግ ሴት ነበረች። አንቺን ስወልድ ደረቅ እንጨት ለይታ አምጥታልኛለች። እኔ ሲደረግ ያየሁትን ነው ያደረግሁት» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ኀዘን እንድወቅሳት አላደረገኝም። ደግሞስ በምን አፌ?

ሰኞ ፕላኑን ከግድግዳ አወረድኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቀላሉ ነበር፤ በጓሮ በኩል ትንሽ በር ከፍቼ ከአጥሩ ውጭ ጣሪያ ያለው ቦታ ልሠራላቸው። ማንም አይቃወመውም። ጋሼ ሳላሳያቸው አዩት። «እነሱ የጠየቁት ይሄንን ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ላጲሱን አነሳሁ።

አዲሱን ረቂቅ ይዤ ከጋሼ ጋር ወደ እትዬ ሄድን። ሜዳው ላይ ነው የተገናኘነው። እንጨት ሻጮቹ ከዋናው በር ገባ ብሎ በቀኝ በኩል፣ ከቅቤ ተራው አጠገብ እንደሚሆኑ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ከሰሉ ይበናል» አሉ። «ቅቤ ላይ ጥቁር ካረፈ ማን ይገዛል?»

ይሄ እውነት ነበር። ከሰሉን ነፋስ ወደማያመጣበት ወደ ታች ጥግ እንደማደርገው ነገርኳቸው፤ ከበሩ አጠገብ እንጨቱ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ዋናው ነገር መጣ።

«ልጄ፣ እኔ በሰው ላይ ክፋት የለብኝም። ግን ከጎናቸው ከተቀመጥኩ ገዢ ይሸሸኛል። እኔ ብተወው እንኳ ገዢው አይተወውም። ልጆች የማሳድገው በዚህ ቅቤ ነው።»

ፍርሃታቸው የውሸት አልነበረም። ጋሼ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «ምን ያህል ቢርቁ ይበቃዎታል እትዬ? ያሳዩኝ» አሉ፤ እንደ ማንኛውም የልኬት ጥያቄ። እትዬ ወዲያ ማዶ በጣታቸው አመለከቱ። ጋሼ ሜትሩን እየዘረጉ ሄዱ፤ አጥሩን አለፉ፤ ከዚያ ቆሙና ጮክ ብለው «እዚህ ጋ ገደል ነው፤ ሰው አይቆምበትም» አሉ።

እትዬ ገደሉን አዩት። ከዚያ ጋሼን፣ ሜትሩን ይዘው ዳሩ ላይ የቆሙትን፣ አዩ። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ ታየ። «ይምጡ እንግዲህ፣ ይመለሱ» አሏቸው። ጋሼ ጥቂት ተመለሱ። «ትንሽ ይቅረቡ።» ደግሞ ጥቂት ተመለሱ። እንዲህ እየተባባሉ አጥሩን ተሻግረው ወደ ውስጥ ገቡ። መጨረሻ ላይ እትዬ ራሳቸው ሄደው መሬቱን በጫማቸው ጫሩት። «እዚህ ይሁኑ። መሃል ላይ ሙዝ ሻጮቹ ይግቡ» አሉ። የሙዝ ተራው መሃል ገባ፤ እንጨቱም ከበሩ አጠገብ ሆነ። እኔ ያላሰብኩት መፍትሔ ነበር።

ቦኖው ግን ከዚያ የበለጠ አስቸገረ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሁለት ይሁን አለ፤ አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች። ለማን ለማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ልስማማ ነበር። ሁለት ቦኖ ከአንድ ይሻላል፤ ወረፋም ይቀንሳል እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። ማታ ከቢሮ ከመውጣታችን በፊት ጋሼ ከወትሮው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩኝ።

«እኔ ስንት ከተማ ችካል ተክያለሁ። ሰው ይሞታል፣ አስተዳዳሪ ይለወጣል፤ ችካሉን ተከትሎ የታጠረው አጥር ግን ይቀራል። ሁለት ከሣልሽ ለልጅ ልጆቻቸውም ሁለት ነው የሚሆነው።»

አንድ ሣልኩ። መሃል ላይ። ለኮሚቴው ከነገርኳቸው በኋላ ሲወጡ የጨበጠኝ ሰው ጥቂት ነው።

ገበያው በተከፈተበት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነበር የደረስኩት። እንጨት ሻጮቹ አዲሱ ጣሪያ ሥር ሸክማቸውን ደርድረዋል። የዳቦ ቤቱ ሰው መጥቶ ገዛ፤ ሻይ ቤቶቹም ቀስ በቀስ መጡ። ቦኖው ግን ብቻውን ቆሞ አረፈደ። የቅቤ ተራ ሴቶች ከቤታቸው ውሃ በጄሪካን ይዘው መጥተዋል። እንጨት ሻጮቹም ቀድመው ለመሄድ አልደፈሩም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከእንጨት ተራው እኚያ እናት ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ቦኖው ሄደው ቧንቧውን ከፈቱ፤ በእጃቸው ጠጡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ዘጉትና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የቅቤ ተራው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ከዚያ እትዬ ሳሙና ይዘው መጡ። ቧንቧውን ፈትገው አጠቡት። ደጋግመው አጠቡት። ከዚያ ጄሪካናቸውን ቀዱ። ሌሎቹ ሴቶችም ተከተሏቸው። እኔ ወደ እኚያ እናት ዞርኩ። እያዩ ነበር።

«ይጠቡት» አሉኝ በካፊኖኖ። «ውሃው ግን ያው ውሃ ነው።» ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከቦኖው አላነሱም። እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት።

ከዚያ በኋላ ለክትትል በየጊዜው እሄድ ነበር። ሳሙናው ለብዙ ወራት አልቀረም። አንድ ቅዳሜ እትዬ ሳሙና ረስተው በውሃ ብቻ ሲያለቀልቁት አየሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወረፋ ይዘው ሲያወሩ ከፊታቸው የቆመችው ከእንጨት ተራ የመጣች ሴት ነበረች፤ ስለ ዝናቡ ነው የሚያወሩት። የእትዬ ተራ ሲደርስ ቧንቧውን ሳያጥቡ ቀዱ። መርሳታቸው ይሁን መተዋቸው አላውቅም፤ ጠይቄአቸውም አላውቅም። ሁሉም እንዲህ ሆኗል ማለት አልችልም። እስከ ዛሬ ውሃ ከቤቷ የምታመጣ ቅቤ ነጋዴ አለች። አንዱ ሻይ ቤት እንጨት ሻጮችን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሻይ ይሰጣል፤ ሌላው አሁንም በደጅ ነው የሚያቀብለው። እትዬ የፈሩት የገዢ መሸሽ ግን አልመጣም። ቅቤያቸው እንደ ድሮው ይሸጣል።

ፕላኔም ከስህተት አልጸዳም። የምዕራቡ በኩል ጣሪያ አጭር ስለሆነ ዝናብ ወደ ሸክላ ተራው ይገባል። ሕፃን ለያዙ እናቶች ያሰብኩት ጥግ የዶሮ መሸጫ ሆኗል። ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ቀን አብረን ሄደን ሲያዩት፣ «ዶሮዎቹ መርጠውታል» ብለው አለፉት።

አሁን የምሠራው ሥራ ደግሞ ከዚያ ገበያ የመጣ ነው። ጫካው እየተጠበቀ ሲሄድ እንጨት መልቀም እየጠበበ መጣ። እኚያ እናት ከጓደኞቻቸው ጋር ተማክረው ቢሮ ድረስ መጡ። ወንበር አምጥቼ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። የዛፍ ችግኝ አፍልተው መሸጥ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ የትኛው ዛፍ በየትኛው አፈር እንደሚበቅል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የጎደላቸው ቦታ ነው። ማኅበር ለመመዝገብ፣ መሬቱን ለማግኘት ሦስት ቢሮ ተመላልሰናል። ፊርማ አንድ ሰው ጋ ሲደርስ ሰውየው ስብሰባ ነው፤ ሌላው ጋ ሲደርስ ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው። እሳቸው አንድም ቀን አልቀሩም። በመጀመሪያው ቀን ከቢሮው በር ውጭ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀድመውኝ ገብተው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ባለፈው ወር ቦታው ተፈቀደ። ከገበያው በታች፣ ወንዙ አጠገብ ያለ ቁራሽ መሬት ነው። አዲሱ ቀያሽ ሌላ ወረዳ ሄዶ ስለነበር ሜትሩን ይዤ ራሴ ሄድኩ። እኚያ እናት ጫፉን ያዙልኝ። ሣሩ ረጥቦ ጉልበታችን ድረስ አርሶን ነበር። እኔ ቁጥሩን ለማንበብ ጎንበስ ስል ከማዶ ድምፃቸው መጣ።

«ሳብ አድርጊው፣ ልጄ» አሉኝ። «ረግቧል።»

ሳብኩት። ከዚያ አብረን ወደሚቀጥለው ጥግ ሄድን።